ዘይት የጠጣው ኡድ

የሙዚቃ መምህሩ ኡስታዝ ሹክሪ ባለ ክር መሣሪያቸውን፣ ኡዳቸውን፣ እንዳቀፉ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የሰፈራችን ሴቶች «ታድለው! እየተጫወቱ ሄዱ» ብለው ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ ሐኪሙ የዓይናቸውን ቆብ ገልቦ አየና «ታፍነው ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ጭጭ አለ።

መቶ አለቃ ሲድቂ ቸኩሎ የተሾመ ልጅ ነው፤ ሥራውም እንደ ሹመቱ ነው። ከሟቹ ራስጌ የነበረውን ትራስ አነሳና ጠርዙ ላይ የዘይት እድፍ አየ። የሟቹን ልጅ የዚናትን እጅ ቢያሸት የወይራ ዘይት ይሸታል።

«ዘይቱ የምንድነው?» አላት።

«የራሴ ጉዳይ ነው።»

«አባትሽ ሞተው የራሴ ጉዳይ ትያለሽ?»

ዚናት አንገቷን ደፋች። ካቴናው ገባላት። በካይሮ እንዲህ ያለ ነገር መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። እልኸኛ ነበረች፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ ልክ እንደ አባቷ።

ሻለቃ ዋጊህ የደረሰው ይሄኔ ነው። ቅርንፉድ የሚያኝክ፣ ከስቶ አፍንጫው ብቻ የቀረ ሰው ነው። ማንንም ሳይጠይቅ በፊት ክፍሉን ዞረ። ውስጠኛው ክፍል የዚናት አልጋ ላይ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተወርውሯል። ጨርቁን ሲገልጠው ምስር የምታክል ነጭ ወረቀት ተጣብቃበት አገኘ። ከዚያ ኡዱን አነሳና አንድ ክር መታ።

«ቅኝቱ እንከን የለውም» አለና አንገቱን ወደ ብርሃን አዘነበለው። ክሮቹ ሥር፣ ከጠቆረው ቫርኒሽ መሀል፣ ምስር ምስር የሚያካክሉ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ጫፉ ላይ አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ሳትነሳ ቀርታለች። ከአጠገቧ ቫርኒሹ ነጥቶ፣ ሻክሮ፣ የጨርቅ ብናኝ ተጣብቆበታል። ሻለቃው አፍንጫውን አስጠግቶ ዘለግ አድርጎ ሳበ።

መጀመሪያ የጠራው መምዱሕን ነው። መምዱሕ የኡስታዙ ተማሪ ነበር፤ አሁን እንኳ ስሙ ከአስተማሪው በልጦ በየቴሌቪዥኑ ይጠራል።

«መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«አላየኋቸውም ሻለቃ፣ ሰማኋቸው እንጂ። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ደረጃው ላይ ስደርስ ይጫወቱ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋታ! ልረብሻቸው አልፈለግኩም፣ ተመለስኩ። ታች በሩ ላይ ዚናት ስትገባ ተላለፍን።»

«ስለዚህ እሷ ስትገባ በሕይወት ነበሩ።»

«እኔ ማንንም አልከሰስኩም» አለ መምዱሕ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየነካ።

ካቴና ያጠለቀችው ዚናት ይህን ስትሰማ ቀና አለች። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ሻለቃው አያት።

ቀጥሎ ታች ቤት ኡድ የሚሠሩት ሐጅ በዩሚ መጡ።

«ሐጅ፣ ጨዋታ ሰምተዋል?»

«መጋዙ እየጮኸ ምን ልስማ?»

«ይሄን ይዩልኝ እስቲ» አለና የነጣውን ቦታ አሳያቸው።

ሽማግሌው ቡጢ እንደቀመሰ ሰው አቃሰቱ። «ወይኔ! የአባቴ የእጅ ሥራ! ማነው ሽቶ የለቀለቀበት? ይሄ እኮ የድሮ ቫርኒሽ ነው፤ አልኮል ሲነካው ይቀልጣል። ስቲከር የተለጠፈበት እንደሆን እንኳ መፋቅ የለም፤ ዘይት አጠጥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መታገሥ ነው። ሙጫው ራሱ ይለቃል…» አሉና ድንገት ቀጥ አሉ።

«እኔ ስቲከር አልኩ እንዴ፣ ሐጅ?»

«ኧረ እንዲያው ለምሳሌ ነው» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። ሐጅ በዩሚ መዋሸት አይችሉበትም፤ ጆሯቸው ይቀላል።

ሻለቃው ሲድቂን ከክፍሉ አስወጥቶ ዚናት ፊት ተቀመጠ፤ ከጨርቁ ላይ ያነሳትን ወረቀት መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት።

«ይሄን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ። ያነሳሽውም አንቺ ነሽ።»

ዚናት ዓይኗን ከወረቀቷ አሸሸች።

«መምዱሕ እንደዋሸ ታውቂያለሽ። አንድ ቃል ብትተነፍሺ ነፃ ነሽ።»

«በሞተ ሰው አይሳቅም» አለችው፤ ድምጿ ተሰበረ። «ሰቀላው ይሻለኛል። ነገ የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ መንደርተኛው እየተጠቋቆመ ሊስቅ ነው? አልናገርም። በአባቴ አጥንት፣ አልናገርም!»

ሻለቃው ቅርንፉዱን ተፋና ሁሉንም ወደ ሟቹ ክፍል ጠራቸው። ወንበሩ ባዶ ነው። ኡዱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«ዚናት፣ አስቀድመሽ ይቅር በይኝ» ብሎ ጀመረ። «ኡስታዝ ሹክሪ እየረሱ ነበር። መጀመሪያ ስም፣ በኋላም ጣታቸው የሚያርፍበትን ቦታ። ኡድ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር የጣት መለያ የለውም፤ እጅ ከረሳ ረሳ ነው። ልጃቸው ትንንሽ ወረቀት ለጠፈችላቸው፤ በዚያ እየተመሩ ይጫወቱ ነበር።»

ዚናት ፊቷን በታሰሩት እጆቿ ሸፈነች።

«ነገ የቴሌቪዥን ሰዎች ሊቀርጿቸው ሊመጡ ነበር። ካሜራ ደግሞ ሁሉን ያያል። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ክሮቹን ሁሉ አላላች፤ ካልላሉ ጨርቅ በሥራቸው አያልፍም። ቫርኒሹ እንዳይጎዳ ዘይት አጠጣችው፣ አንገቱን ጠቀለለችው፣ አልጋዋ ላይ አስተኝታው ለእንግዶቹ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ ልትገዛ ወጣች። እንግዲህ መምዱሕ፣ ክሩ የላላ፣ አንገቱ የተጠቀለለ ኡድ ነው ደረጃው ላይ የሰማኸው?»

«ከሌላ ቤት ይሆናላ!» አለ መምዱሕ።

«ይሁን። ግን አንድ ሰው ኡስታዙን በትራስ አፈነ። እየተጫወቱ የሞቱ እንዲመስል ኡዱን ከአልጋው አምጥቶ ሊያሳቅፋቸው ፈለገ። ክሩ የረገበ ኡድ ደግሞ ማን ያምንለታል? አጥብቆ ቃኘው፤ እጅ ልማዱን አይተውም፣ ያውም አሳምሮ። እጁ ዘይት በዘይት ሆነ። አንገቱን በሽቶ ወለወለና፣ በዚያው በሚያሙለጨልጭ እጁ ትራሱን መልሶ ራስጌያቸው አደረገው።»

«ዘይት እኮ የነበረው እሷ እጅ ላይ ነው!» አለ ሲድቂ።

«ታገሥ። በዚህ ቤት ኡድ መቃኘት የሚችሉ ሦስት ናችሁ። ዚናት ለቫርኒሹ ተጨንቃ ወረቀቱን በዘይት የምታለሰልስ ልጅ፣ ሽቶ ታፈስበታለች? ሐጅ በዩሚስ?»

«እጄን ይቁረጠኝ!» አሉ ሐጁ።

«ሽቶ የሚያፈስ፣ የራሱ ኡድ በፋብሪካ ቫርኒሽ የተቀባ ሰው ነው፤ እሱን አልኮል አይበግረውም። መምዱሕ፣ በየመድረኩ ኡድህን በሽቶ ስትወለውል አገር ያየሃል። እስቲ የግራ እጅጌህን አሽትት።»

መምዱሕ አላሸተተም። እጅጌውን ግን ዘይት ነክቶት እንደሆን አየ፤ ማየቱንም ሁሉም አዩበት። 

«ረስተውታል ብዬ ነበር» አለ። «እኔ ድርሰቴ ነው ብዬ ያወጣሁት ዜማ… የሳቸው ነው። ረስተውታል ብዬ ነበር! ዛሬ ስመጣ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ አንጎራጎሩልኝ፣ ከዳር እስከ ዳር። ‹ነገ ይሄን ነው የምጫወተው› አሉኝ። ፈገግ ብለው።»

ሲድቂ ካቴናውን ከዚናት ፈትቶ ለመምዱሕ አጠለቀለት። ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

መምዱሕ ሲወሰድ ዚናት እዚያው ቆማ ቀረች። ደረጃው ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ሰምቷል። «በቃ፣ ሳቁ እንግዲህ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ሐጅ በዩሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እናውቅ ነበር።»

«ምን?»

«ሁላችንም። ዜማው የጠፋባቸው ቀን ከታች ሆኜ የሚቀጥለውን አፏጭላቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም ያውቃል፤ መንገድ ሲስቱ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው እሱ ነው። አንቺ እንዳታፍሪ ብለን ነው ያልተናገርነው።»

ዚናት አንድ በአንድ አየቻቸው። «ታውቁ ነበር? በካቴና ሲያስሩኝም ታውቁ ነበር?»

 ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ነቅዞ ልጅቷን ሊበላት ነበር። እኔም ከደረጃው ላይ ነበርኩ፣ እኔም አውቅ ነበር።

ሐጅ በዩሚ የሚሠሩትን ቢያጡ ኡዱን አነሱ፤ የቀረችውን ወረቀት በዘይት ሊያነሱ ጣታቸውን ዘረጉ። ዚናት እጃቸውን ገፋ አደረገችው።

«ይተዉት ሐጅ» አለች። «ይታይ።»