በተራዎ ምን አለ?

በሩን ዝጉት። መቀርቀሪያውንም አስገቡት። አንተ እዚያ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ሳቅህን ዋጥ አድርግ፤ ሳቁ ሲያልቅብህ ከማን ጉያ እንደምትገባ አያለሁ። ፋንትሽ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርጊው። ትንሽ ጨምሪ። አዎ፣ እንዲህ። እርስ በርስ ከተያየን ይበቃናል።

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ በዚያ በኩል ለማለፍ እግራችሁ እምቢ ይላችኋል። ሰዓቱን ግን እነግራችኋለሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ዝናብ የለም፤ ደመናም የለም። ዝናብ የለም ማለቴን አትርሱ። አንድ ሰው በአንዲት ቀጭን መንገድ ላይ ብቻውን ይሄዳል። አንለይ ይባላል። በዚህ ሰዓት ብቻውን ምን ያስኬደዋል?

አንለይን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ ይመኑ። አሥራ ሁለት ዓመት ወታደር ነበሩ። ጥይት በትከሻቸው ገብቶ በጀርባቸው ወጥቷል። ከጦሩ ሲሰናበቱ ፖሊስ ሆኑ፤ ከመንደሩ በታች የእንጨት ድልድይ ነበረ፣ ድልድዩ ላይ ኬላ ነበረ፣ እዚያ ኬላ ላይ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቆሙ። ቁጡ ነበሩ? ለሌባ ቁጡ ነበሩ። ለአንለይ ግን ማር ነበሩ። እናቱ በአራስነቱ ስትሞትበት በወታደር ካፖርታቸው ጠቅልለው ያሞቁት እሳቸው ናቸው። ገና በዳዴ ሲሄድ ከኋላው በዳዴ የሄዱ ሃምሳ አለቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቸው ሄደዋል፤ መንደሩ በሙሉ አይቶ ስቋል።

ማታ ማታ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። እራት ሲበላ ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው በሩ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንለይ ተረኛ ዘበኛ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ቁመቱ ከዱላው አይበልጥም።

«በተራዎ ምን አለ?» ይላል።

«በተራዬ ሁለት ጅብ ከወንዙ ማዶ አለፈ። የመሪጌታ አህያ ጠፍታ በራሷ ተመለሰች። አንድ ልጅ ወተት ደፍቶ በድመቷ አሳበበ።»

«ተረክቤያለሁ!» ይላል አንለይ። ዱላውን ይቀበላል። ሃምሳ አለቃም ሄደው ጋደም ይላሉ። ዱላውን ሳያስረክቡ ተኝተው አያውቁም።

አንድ ማታ ተራ ተቀያየሩ። ልጁ ዘበኛ ሆኖ ቆመ፤ እሳቸው ተረኛ ሆነው መጡ።

«በተራህ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አለ ልጁ።

ሃምሳ አለቃ ፈገግታቸው ጠፋ። ቁጢጥ አሉና ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ስማኝ ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ምንም የለም አይልም። ነፋስ አለ፣ ኮከብ አለ፣ የሚጮህ ውሻ አለ። ምንም የለም የሚልህ ዘበኛ ወይ ተኝቶ ነበር፣ ወይ ሞቷል። ከሁለቱም እንዳትረከብ። ደግሞ ከዘበኛ ፊት እንዳትሮጥ። ዘበኛ ሦስት ጊዜ ቁም ብሎ ነው የሚተኩሰው፤ ለሚሮጥ ግን አይቆጥርም።»

ለሕፃን ልጅ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሃምሳ አለቃ ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ። ከእሳቸው በፊት በዚያ ድልድይ ላይ አንድ ወጣት ዘበኛ ነበረ። የክረምት ሌሊት ነው። ተረኛው ጠላ ቤት ገብቶ ቀረ። ዘበኛው ጠበቀ። ተረኛ ሳይመጣ ቦታ አይለቀቅም፤ ሕግ ነው። ወንዙ ሞላ። ጠበቀ። ውኃው ድልድዩን ሸፈነው። ጠበቀ። ጠዋት ውኃው ሲጎድል ድልድዩ አለ፣ ዘበኛው የለም። ሬሳውም አልተገኘ፣ ጠመንጃውም አልተገኘ። ይኼን እናንተ አሁን አወቃችሁ። አንለይም ያውቅ ነበር። በዚያች ማታ ግን ረሳው። ሰው የሚወደው ሰው ሲታመምበት ምን ያስታውሳል?

አዎ፣ ታመው ነበር። አንለይ አድጎ፣ አገር አቋርጦ፣ መንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ሳለ መልእክት ደረሰው። «ሃምሳ አለቃ አልጋ ላይ ናቸው። ዱላቸውን ታቅፈው፣ ተረኛዬ ሳይመጣ አልተኛም ይላሉ። ድረስ» ይላል መልእክቱ። ሦስት ቀን በጭነት መኪና ተጓዘ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ከተማዋ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። መንደሩ ገና የአራት ሰዓት መንገድ ነው።

እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ባለ ሆቴል ክንዱን ይዘው ለመኑት። «እደር አንተ ልጅ! ኬላው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። በዚያ በማታ ብቻውን የሚያልፍ የለም።»

«አያቴ እየጠበቁኝ ነው፣ እትዬ።»

«የሚጠብቅህ እሳቸው ብቻ ከሆኑ ደግ!» አሉት።

አልሰማም። ሄደ። አያቱን በሕይወት ሳያገኛቸው ቢቀርስ? ሌላ ነገር አያስብም። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ወንዙ ዘንድ ሲደርስ እንቁራሪቱ ሁሉ ባንዴ ዝም አለ። እናንተ ብትሆኑ ትመለሱ ነበር። እሱ አልተመለሰም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማ። ኳ። ኳ። ኳ። የቡትስ ጫማ በእንጨት ላይ ሲራመድ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ኳ። ኳ። ኳ። ሰው በሌለበት ኬላ ላይ ማን ይመላለሳል?

አንለይ እግሩን ድልድዩ ላይ አሳረፈ። ኮቴው ቆመ።

«ቁም! ማን ነህ?»

ድልድዩ መሐል ላይ አንድ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። ጠመንጃ ይዟል። ቆቡን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎታል። አንለይ ደነገጠ? አልደነገጠም። ጉዱ ይኼ ነው! ልቡ በደስታ ዘለለ። አያቱ የመሰሉት ገና ካፖርቱን ሲያይ ነው። ድሮ ከተማ ውሎ ሲመሽበት እዚችው ድልድይ ድረስ ወርደው ነበር የሚጠብቁት። ድነዋል አለ በልቡ። ድነው ሊቀበሉኝ ወረዱ።

«እኔ ነኝ አባባ! አንለይ ነኝ!»

«ዘገየህ» አለ ድምፁ።

ይኼ ቃል አንጀቱን በላው። እውነቱን ነዋ፣ ዘግይቷል! ዓመት ሙሉ ሳይጠይቃቸው ቀርቷል። እንባው መጣ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። መኪናው ተበላሽቶብኝ…»

«ብዙ ጠበቅኩህ። ደከመኝ። ተረከበኝና ልሂድ።»

አንለይ ቀረበ። እግሩ ሥር ጨፈቅ አለ፤ እንጨቱ ርሷል። ከካፖርቱ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ዝናብ የለም ብያችሁ ነበር፤ አይደለም? አንለይ ግን ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ አላየም። ጠመንጃው ተዘረጋለት። ማንገቻውን ጨበጠ። ማንገቻው እንደ በረዶ ቀዘቀዘው። «ተረክቤያለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። አፉ ግን የልጅነት ልማዱን አልረሳም፤ አስቀድሞ የጠየቀው የዱሮውን ነው።

«በተራዎ ምን አለ?»

ጠብ። ጠብ።

«ምንም የለም።»

አያችሁ? የአንለይ ፀጉር አንድ ባንድ ቆመ። ቀና ብሎ ከቆቡ ሥር አየ። ፊት አልነበረውም ብዬ አልዋሻችሁም። ፊት ነበረው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊት ነው፤ ብዙ ክረምት ውኃ ውስጥ የከረመ ፊት።

«ተረክቤያለሁ በል» አለው።

አንለይ ጣቶቹን አንድ ባንድ ከማንገቻው አላቀቀ። «ወንድሜ፣ ተረኛህ እኔ አይደለሁም» አለ። በጎኑ አለፈ። ጀርባውን ሰጥቶ መራመድ ጀመረ። ከድልድዩ ለመውጣት ስምንት እርምጃ ቀርቶታል።

«ቁም!»

አንደኛው ቁም። ከኋላው ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ጥይት ጎረሰ። መሮጥ አማረው። እናንተን አያምራችሁም? ለሚሮጥ አይቆጥርም፤ የአያቱ ቃል ነው። ተራመደ። ሦስት እርምጃ። አራት።

«ቁም!»

ሁለተኛው። አምስት እርምጃ። ስድስት። አፈሙዙ ማጅራቱ ላይ ያረፈ መሰለው። ሰባት። ሦስተኛውን ቁም ጠበቀ። ስምንተኛውን ረገጠ፤ አፈር ነው። ዘበኛ ቦታውን አይለቅም፤ ከድልድዩ አልወጣም። ከኋላው ግን ድምፁ መጣ፤ አሁን የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ነው።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ላክልኝ።»

አንለይ ዞር ብሎ አላየም። ዳገቱን ወጣ። መንደሩ ጸጥ ብሏል። ለቅሶ አይሰማም። ተመስገን፣ አሉ ማለት ነው አለ። የአያቱ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን እግሩ ተተከለ። በሩ ላይ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካፖርት ለብሷል። በእጁ አንድ ረጅም ነገር ይዟል።

ወደፊት እንዳይሄድ ፈራ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ድልድዩ አለ። ከሩቅ ጠየቀ።

«በ… በተራዎ ምን አለ?»

«በተራዬ ሁለት ጅብ ከወንዙ ማዶ አለፈ» አለ ሰውየው። «የመሪጌታ አህያ ጠፍታ ተመለሰች፤ የዚያችኛዋ ልጅ ናት፣ ጸባይዋ በዘር ነው። ኬላው ላይ ያ ምስኪን ሁለት ጊዜ ቁም ሲል ሰማሁ። የእኔ ልጅ አልሮጠም። የእኔ ልጅ በደህና ገባ።»

አንለይ ቀረበና ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ዱላው ይሞቃል።

«ተረክቤያለሁ፣ አባባ።»

ሃምሳ አለቃ ይመኑ ትከሻውን ነካ አደረጉትና ቀድመውት ወደ ውስጥ ገቡ። ተከትሏቸው ገባ። ውስጥ ሻማ በርቷል። አክስቱ ሙሉነሽ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ተሸፍኖ የተኛ አለ።

«መጣህ ልጄ?» አለች ተነሥታ። «ወይኔ፣ በጥቂት ሳትደርስባቸው ቀረህ! ፀሐይ ስትጠልቅ አረፉ። ሌሊት እሪ አይባልም ብለን እስኪነጋ ለቅሶውን ዋጥ አድርገነው ነው። እስከ መጨረሻው ተረኛዬ፣ ተረኛዬ እንዳሉ ነው። ያንን ዱላቸውን ከጎናቸው አጋድሜላቸው ነበር፤ አሁን ብፈልገው…»

በእጁ የያዘውን አየችው።

አንለይ ያን ዱላ እስኪሞት አልጣለውም። ብቻውንም በማታ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። አያቱ ዐርፈዋል፤ ተረኛቸው መጥቶላቸዋል። ያ የድልድዩ ልጅ ግን? ለእሱ ማን መጣለት? ድልድዩ ፈርሷል፤ ዛሬ ቦታውን የሚያውቀው የለም። እሱ ግን ቆሞ የሚጠብቅበት ድልድይ ከሌለው የት ይጠብቃል? ስለዚህ በማታ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም፣ ዘገየህ የሚላችሁ ድምፅ የእናታችሁ እንኳ ቢመስል፣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱን ስሙ።

በቃ፣ መሽቷል። ተነሡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ለመሆኑ ውሻው ለምን ዝም አለ? እስቲ በበሩ በኩል ያላችሁ ጆሮ ስጡልኝ። ውጭ ምን አለ?

…

«ምንም የለም» ያለው ማነው?

አንተ ነህ? አንቺስ? ፋንትሽ፣ ኩራዙን ቶሎ ከፍ አድርጊው! መቀርቀሪያውን ማንም እንዳይነካ! ድምፁ የመጣው ከውጭ ነው።