ሦስቱ ቀለሆች

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፣ በበጋው ማለቂያ ላይ፣ ፀሐይ የግምጃ ቤቱን የቆርቆሮ ጣሪያ ባጋለችበት በአንድ ቀትር፣ አንድ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ የጠመንጃ መቀርቀሪያ በእንጨት መዶሻ ሲደበድብ ታየ። ሰውየው የአገረ ገዥው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ ባሩድን በወርቅ አንጥረኛ ሚዛን እየለካ ጥይት ስለሚሞላ አገሬው ሁሉ «አባ ሚዛን» ይለው ነበር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ አልተረፈም። በሠላሳ ዓመት ሥራው ጠመንጃ በመዶሻ መትቶ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ሲመታ ቢያይማ ኖሮ ሰማይና ምድሩን ያደባልቀው ነበር።

ጠመንጃው የዝሆን ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዙ ጣት የሚያስገባ፣ ሰደፉ ተኳሹን ትከሻ የሚያበልዝ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው በእጅ ተነሥቶ ወደ ኋላ ካልተሳበ ሁለተኛውን ጥይት የማይጎርስ። አባ ሚዛን ያን ቀን ጠዋት አንድ የጥይት ሳጥን መስኮት ላይ ረስቶ ነበር፤ ቀትር ላይ ወደ ጓሮው የተኩስ ሜዳ ወጥቶ ከዚያው ሳጥን አንዱን ቢተኩስ፣ በፀሐይ የጋለው ባሩድ ከልኩ በላይ ተቆጣ፤ የጥይቱ የነሐስ ቀለህ አብጦ ከሚቀመጥበት ጎሬ ጋር ተጣበቀ፤ መቀርቀሪያውም አልነሣ አለ። ሽማግሌው ክው አለ። እነዚያ ጥይቶች የተሞከሩት በግምጃ ቤቱ ደንብ መሠረት ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በብርድ ነበር፤ የሚተኮሱት ግን በቆላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ጥይቶቹ የተሞሉለት የዝሆን አደን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እርሻ የሚያወድም አንድ ኮርማ ዝሆን ቆላ ወርዷል ስለ ተባለ፣ አገረ ገዥው በገዛ እጃቸው ሊጥሉት ቆርጠዋል፤ ከጎናቸው ቆሞ፣ የእርሳቸው ጥይት ቢስት አውሬውን እንዲያስቀር የታዘዘው ደግሞ የአባ ሚዛን አማች፣ የአንድ ልጁ ባል ነበር። አማችየው ቀልድ አያልቅበትም፤ «ልጅዎን የሰጡኝ በዚያች ሚዛን መዝነው ነው አሉ፤ ለመሆኑ ስንት ወጣሁ?» እያለ አማቱን ያስቀው ነበር። ልጅቱም የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች።

አባ ሚዛን ለግምጃ ቤቱ አዛዥ አመለከተ፤ ጥይቶቹ ባሩዳቸው ተቀንሶ እንደገና ይሞሉ ሲል ለመነ። አዛዡ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሙከራው በደንቡ ተፈጽሟል፤ ማኅተም ተመቶበታል፤ ለክቡርነታቸውም ቀርቧል፤ አሁን ተነሥቶ ተሳስተናል ማለት ለማን ይበጃል? መስኮት ላይ ለተረሳ አንድ ሳጥን ይህን ያህል መደንገጥ የእርጅና ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኙት።

እቤት መናገር አልነበረበትም፤ ግን ሆዱ አልችል ብሎት ተናገረ። ልጁ ሰምታ ስታበቃ ሁለት እጁን ያዘች።

«አባባ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፤ ሁለተኛው ጥይት እንዲወጣለት ብቻ ያድርጉልኝ።»

«ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይወጣለታል» አላት።

የአገረ ገዥው ሳጥን ታሽጓልና አይነካም፤ የአማቹ ዐሥራ ሁለት ጥይቶች ግን እጁ ላይ ነበሩ። በሩን ዘግቶ የሁሉንም አረር በጉጠት ነቀለ፤ ከባሩዳቸው ከዐሥር እጅ አንዱን ቀነሰ፤ አረሩንም መልሶ ገጠመ። ሁለቱን ቀትር ላይ ፀሐይ አስጥቶ ሞከራቸው፤ አረሮቹ ለመሞከሪያ የተነባበረውን እርጥብ ሳንቃ ልክ እንደ ሙሉው ጥይት በሱት፤ መቀርቀሪያውም ያለ ምንም ትግል ተከፈተ፤ ልቡ ዐረፈ። በብርድ አልሞከራቸውም። ለምን ይሞክራቸው? አገሩ በሙቀት እየተጠበሰ ነበር፤ እርሱም የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነበር። ምነው አንዷን፣ አንዷን ብቻ ጎሕ ሲቀድ በተኮሳት!

በአደኑ ዋዜማ ማንም ያላሰበው ዝናብ ጣለ። ሰዎቹ በማግሥቱ ጠዋት ካፖርታቸውን ደራርበው፣ እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ፣ በጭጋግ ውስጥ ወጡ። አገረ ገዥው ተኮሱ፤ ጥይታቸው የዝሆኑን ትከሻ አቆሰለው፤ አውሬውም ዞሮ መጣባቸው። አማችየው ወደ ፊት ወጥቶ በአርባ እርምጃ ግንባሩን መታው፤ ዝሆኑ ተንገዳገደና እንደገና መጣ። ሁለተኛው ጥይት ወጣ። ሦስተኛውም ወጣ፤ መቀርቀሪያው አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገረውም። ነገር ግን በጎደለው ባሩድ ላይ ብርዱ ተጨምሮበት፣ ሦስቱም አረሮች አንጎሉ ጋ ሊደርሱ አራት ጣት ሲቀራቸው አጥንቱ ውስጥ ቆሙ፤ አራተኛውን የሚያጎርስበት ጊዜ አላገኘም። አገረ ገዥው ከኋላ ሆነው፣ ካልተነካው ሳጥን በወጣ ጥይት፣ ያንኑ ግንባር መቱ፤ ዝሆኑም አማችየው ከወደቀበት አጠገብ ወደቀ።

በአራተኛው ቀን ጠመንጃው ለጽዳት ወደ አባ ሚዛን ጠረጴዛ ተመለሰ፤ ሦስቱ ቀለሆችና ከዝሆኑ ራስ የወጡት ሦስት አረሮችም አብረውት መጡ። አረሮቹ የት ድረስ ገብተው እንደ ነበር የዝሆኑን ራስ የፈለጡት ሰዎች በጣታቸው ለክተው አሳዩት፤ ወዲያው ገባው። አዛዡ ሊያጽናኑት መጡ፤ ሐዘናቸው የእውነት ነበር፤ ሆኖም እጃቸው አላርፍ ብሎ መቀርቀሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

«አዩ አባ ሚዛን? አልተጣበቀም። በከንቱ ነው የተጨነቁት፤ ማኅተማችን አላሳፈረንም።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ተቀብሎ መወልወል ጀመረ።

ማታ እቤት ሲገባ ልጁ ጥቁር ለብሳ፣ ከወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ሁለተኛው ጥይት ወጥቶለት ነበር ወይ?

«ሦስት ተኩሷል» አላት።

ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች። «እርስዎስ ቃልዎን ጠብቀዋል» አለችው።

ሊነግራት ነበር። ሆዷን አየ፤ የሳመችውን እጁን አየ፤ ዋጠው። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ሚዛኑን ዳግመኛ አልነካም፤ እጁን ልትስም ጎንበስ ባለች ቁጥር ግን ያው ነገር ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ይመለስ ነበር።

የግዛቱ ዜና መዋዕል ለዚያ አደን አራት መስመር ሰጥቶታል፤ ክቡርነታቸው ዝሆኑን በጥይታቸው እንደ ጣሉ፣ አንድ ታማኝ አዳኝ በግዳጅ ላይ እንደ ወደቀ፣ መሣሪያዎቹም ያለ እንከን እንደ ሠሩ ይናገራል። አንድም ውሸት የለበትም፤ የጎደለውን ባሩድ የጻፈ ግን የለም፤ የሚያውቀውም ሰው ይዞት ተቀበረ። ልጅቱ አርጅታ፣ ያን ዘመን የሚጠይቅ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ደረቷን ነፍታ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበራት፤ «አባቴ የሞላው ጥይት አንዱም አልከሸፈም» ትል ነበር።