የዶኛ ኢዛቤልን ሞት ማን አወራ?

ጆቪ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ኢሳይ አየቻት። አይታም የትምህርት ቤት ምሳዋን በማንኪያ እየቆፈረች ጓደኛዋን በጎን ታጠናት ጀመር። ጆቪ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር «እስቲ ማን እንደሆነ አንብቢልኝ» ብላ የምትወረውር ልጅ ነበረች።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?»

«ማን ነው የጻፈልሽ?»

«አያቴ ናት።»

«‹አያቴ ዓይኗ ደክሟል› ስትይ አልነበር?»

«ኧረ! ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ!» ጆቪ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር፤ ስልኩንም ቶሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የአድናቂዎች ገጽ ወሬውን ካወጣው ወዲህ ማሪኪና ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ጠፍቷል። በምሽቱ የሁለት ሰዓት ድራማ ዶኛ ኢዛቤል ዓርብ ትሞታለች። ለዓመት የተጠበቀ ምስጢር በአንድ ጠዋት አደባባይ ወጣ። የድራማው ዳይሬክተር ደግሞ ሰው ሁሉ «ዲሬክ ሜርሲ» የሚላት የኢሳይ እናት ናት።

ኢሳይን እንቅልፍ የነሳት ግን የቅዳሜው ነገር ነው። ጆቪ ሒሳብ ልታጠና መጥታ ነበር። ኢሳይ ለመክሰስ የሩዝ ኬክ ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ የእናቷ የሥራ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። የድራማው ጽሑፍ እንዳይበተን ከላዩ የተቀመጠው መነጽርም ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል። ኢሳይ እናቷ ሳትመጣ ወደ ቦታው መለሰችው።

ሌላ ልጅ ብትሆን መዞሩን አታስተውልም። ዲሬክ ሜርሲ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፊልም ሥራ ስትገባ ሥራዋ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ሻማው ምን ያህል እንደነደደ እያየች መመዝገብ ነበር። ከዚያ ረዳት ሆነች፤ ከዚያ ለስድስት ዓመት የሳሙና ማስታወቂያ ሠራች፤ ከዚያ ወንዶቹ «ይቺ ደግሞ» እየተባባሉ የመጀመሪያ ፊልሟን ሰጧት። ፊልሙ ሽልማት ይዞ ተመለሰ። ዛሬ እነዚያው ሰዎች ወንበር ይስቡላታል። ዓይኗ ግን እዚያው መዝገቡ ላይ እንደቀረ ነው፤ ቤት ገብታ ከቦታው የተነቃነቀች ማንኪያ አታመልጣትም። ለልጇ ያወረሰችውም ይህንኑ ዓይን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ዲሬክ ሜርሲ ስልክ ታወራ ነበር። «ከዓርቡ ጽሑፍ አራት ቅጂ ነው የወጣው። እኔ ጋ፣ ጸሐፊው ጋ፣ ጣቢያው ጋ፣ ፊሊ ጋ። አዎ። ገባኝ አልኩ እኮ።» ስልኩን ዘጋችና ሻይዋን ሳትነካው ተቀመጠች።

«አቴ ፊሊ ምን ሆነች?» አለች ኢሳይ።

«ዛሬ ከቀረጻ በኋላ አሰናብታታለሁ።»

«አቴ ፊሊን? አሥራ አንድ ዓመት መዝገብሽን የያዘችውን?»

«ለዚህ ነው የሚያመኝ። ጣቢያው ስም አምጪ ይለኛል። ቀረጻ ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ሌላ ማን አለ? ከዚህ ቤት አልወጣ።» ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «የሥራ ክፍሌ የገባ ሰው የለም አይደል?»

አቴ ፊሊ ኢሳይ ገና ሕፃን ሳለች ቀረጻ ቦታ ላይ ጸጉሯን ትጎነጉንላት የነበረች፣ እንደ ታላቅ እህት «አቴ» ብላ የምትጠራት ሴት ናት። ሁለት ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች።

«ማንም አልገባም» አለች ኢሳይ።

ያን ቀን ትምህርት አልገባት አለ። አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ጆቪ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ግራ አልታጠፈችም። ወደ ቀኝ ሄደች፤ ያውም እየተጣደፈች። ኢሳይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በርቀት ተከተለቻት። ጆቪ ዘወር ዘወር እያለች ሄዳ የአሊንግ ቶያንግ ጎቶ ቤት ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ጎቶ የሚባለውን የጨጓራና የሩዝ ገንፎ የሚበላበት ቤት ነው።

ኢሳይ ዘው ስትል ጆቪ ስልኳን ለቤቱ ባለቤት ለአሊንግ ቶያንግ እያሳየች ነበር።

«ያዝኩሽ!»

ጆቪ ደነገጠች፤ ከዚያ ተናደደች። «ተከተልሽኝ? እኔ እኮ ላንቺ ነው የምለፋው! የገጹን ባለቤት ሁለት ቀን ስጨቀጭቀው ነበር፤ ያኔ ምሳ ላይ የጻፈልኝም እሱ ነው። የአሊንግ ቶያንግ የወንድም ልጅ ነው። ‹ማን ነገረህ?› ስለው አክስቴ አለኝ።»

«እኔ ነኝ የነገርኩት!» አለች አሊንግ ቶያንግ ጭልፋዋን ከድስቱ ሳታወጣ። «ምን አጠፋሁ? ሰኞ ቀትር ላይ እናትሽ አርባ ሰው አግተልትላ ገባች። ሁሉም ጥቁር በጥቁር። ‹እዚህ ሳይቀመጥ ቤቱ የሚገባ እንዳላይ› አለቻቸው። ከለቅሶ ቤት ካልመጣ በቀር እንዲህ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ኢሳይ አይታ አታውቅም። በአገሩ ልማድ ከሬሳ አጠገብ ተነስቶ በቀጥታ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም፤ የሞተው ተከትሎ እንዳይገባ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አረፍ ተብሎ ይራገፋል።

«ግን እኮ የቀረጹት ለቅሶ ነው፤ የሬሳ ሳጥኑም የፊልም ነው፣ አሊንግ ቶያንግ።»

«መንፈስ ደግሞ የፊልም ነው የእውነት ነው ብሎ ይመርጣል? እናትሽ አዋቂ ናት፣ ደግ አደረገች። ዶኛ ኢዛቤል ራሷ ፊቷ በዱቄት ነጥቶ መጨረሻ ገባች። ‹ሳጥኑ ውስጥ የተኛሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ብዪ› እያሉ ሳህኑን አስቀደሙላት። እኔ ዓይን የለኝም? ማን እንደሞተ ገባኝ። ‹ዓርብ ይታያል› ሲባባሉም ሰማሁ። ምስጢር ነው ያለኝም የለም።»

ኢሳይ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ምስጢሩን ያወጣው የእናቷ የራሷ ትእዛዝ ነው። መነጽር ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር የማያመልጣት እናቷ፣ አርባ ሰው ጥቁር አልብሳ በጠራራ ፀሐይ መሐል ሰፈር ስታስገባ አልታያትም።

«አየሽ?» አለች ጆቪ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አንድ ነገር ግን አለ። ቅዳሜ ገብቼ አንብቤዋለሁ። የዓርቡን ብቻ። አያቴ ‹እኔ እስከዚያ አልቆይ፣ መጨረሻዋን ንገሪኝ› እያለች ስታስቸግረኝ... ለእሷ ነገርኳት።»

«ለእሷ ብቻ?»

«ለእሷ ብቻ።»

ኢሳይ የጓደኛዋን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው። ልታምናት ፈለገች፤ ማመንና መፈለግ ግን አንድ አልሆኑላትም።

«ጠላሽኝ?»

«እንጃ። ነገ እነግርሻለሁ።»

ወደ ቀረጻው በሚወስዳት ባለሦስት እግር ታክሲ ውስጥ ሆና አሰበች። የአሊንግ ቶያንግን ወሬ ብቻ ብታወራ ይበቃል። አቴ ፊሊ ትተርፋለች፤ ስለ ቅዳሜው በር የሚጠይቅ አይኖርም፤ ማፈር ካለም የምታፍረው እናቷ ናት። ቀላል ነው። ቀላልነቱ ነው ያላማራት።

ቀረጻው ከወንዙ ማዶ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። ዘበኛው ስለሚያውቃት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አስገባት። ሁሉም ጸጥ ብሏል። እናቷ ስክሪኑ ላይ ተደፍታለች፤ ከጎኗ አቴ ፊሊ ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጽፋለች።

«ከት!» አለች ዲሬክ ሜርሲ። ዞር ስትል ልጇን አየች። «ኢሳይ! ምን ሆንሽ?»

«ስለ ወሬው ነው።»

እናቷ ሠራተኞቹን ቃኘት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ቤት እንነጋገራለን።»

የአቴ ፊሊ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ቀና አላለችም።

ኢሳይ ከጥግ የፕላስቲክ በርጩማ አንስታ በሁለቱ መካከል አስቀመጠችና ተቀመጠች።

«እዚሁ ይሁን፣ እማ። አቴ ፊሊም ትስማ» አለች። «ከራሴ ውሸት እጀምራለሁ።»