ጋሽ ቀኝ ያዝ

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ከተደረደረበት ሰፊ ግቢ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያላት ትንሽ ቤት ነበረች። ዛሬም አለች፤ በሯም ያው ሰማያዊ ነው። በዚያች ቤት መኪና መንዳት የሚያስተምር አባት፣ ልብስ የምትሰፋ እናትና አንድ ለእናቱ የሆነ ልጃቸው ይኖሩ ነበር። ሀብታም አልነበሩም፤ ሳቅ ግን አያጡም ነበር። ያንን ሳቅ ምን በላው? የትኛው ክፉ ቀን ነው ያንን በር ከፍቶ የገባው? እሱን ነው የምነግራችሁ፤ እንባ የሚቀርበው ሰው መሐረቡን ያዘጋጅ።

የአባትየውን እውነተኛ ስም በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም «ጋሽ ቀኝ ያዝ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ተማሪው መሪ ጨብጦ ገና ከግቢው ሳይወጣ «ቀኝ ያዝ!» ይላል፤ ውሻ ቢገባ «ቀኝ ያዝ!»፤ ከባድ መኪና ከፊት ቢመጣማ ጉሮሮው እስኪዘጋ «ቀኝ ያዝ ብዬሃለሁ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!» ይላል። ቁጡ ነው፤ ሆኖም ከእሱ እጅ የወጣ ሾፌር አደጋ አደረሰ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም፤ በዚህም ደረቱን ይነፋ ነበር። «እኔ ጭንቅላትህን አይደለም የማስተምረው» ይላል ለእያንዳንዱ ተማሪ። «ጭንቅላትህ ሲደነግጥ ጥሎህ ይጠፋል። እኔ እጅህን ነው የማስተምረው።»

ልጁን ማስተማር የጀመረው ደግሞ ገና እግሩ ከሶፋ ወርዶ መሬት ሳይነካ ነው። ከሥራ ሲመለስ ጭኑ ላይ ያስቀምጠውና የትልቁን ድስት ክዳን እንደ መሪ ያስጨብጠዋል። ልጁ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ይነዳል። አባት ዝም ይላል… ዝም ይላል… ከዚያ ድንገት «መኪና መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ትንሿ እጅ ክዳኑን ወደ ቀኝ ትጠመዝዘዋለች፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ተጋድመው ሶፋው ላይ ይወድቁና በሳቅ ይፈርሳሉ። «ኧረ ክዳኔን መልሱልኝ፣ ድስቴ ገነፈለ!» ትላለች እናት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። ልጁ «ቀኝ» የሚለውን ቃል በአፉ ማለት ከመቻሉ በፊት እጁ ቀኝን አወቀ። አባት በዚህ እንዴት ይኮራ ነበር!

ዓመታት አለፉ። ልጁ አድጎ ማተሚያ ቤት ሥራ ያዘ፤ የአባትየው ዓይን ደግሞ መድከም ጀመረ። ልጁ እየጎተተ መነጽር ቤት ወሰደው። እዚያ የምትሠራ አንዲት ረጋ ያለች ልጅ አዲሱን መነጽር ከፊቱ ላይ አውልቃ፣ የመነጽሩን ክንድ አሙቃ፣ በጣቶቿ ጎንበስ አድርጋ መልሳ አጠለቀችለትና «አባባ፣ አሁንስ ይቆረቁርዎታል?» አለችው። አልቆረቆረውም። ከዚያ ወዲህ ልጁ «የአባዬ መነጽር ብሎኑ ላላ» እያለ በየጊዜው ወደ ሱቁ ይመላለስ ጀመር። አባት ሞኝ አይደለም፤ የላላው የማን ብሎን እንደሆነ ገብቶት በሆዱ ይስቅ ነበር። ከዚያ ተጋቡ። እናትም ምራቷን አቅፋ «ሴት ልጅ ስመኝ ኖሬ ይኸው አገኘሁ» አለች።

ለጫጉላቸው ባሕር ያለበት ሩቅ አገር ሄዱ። በየቀኑ ይደውሉ ነበር። አንድ ቀን ልጁ እየሳቀ «አባዬ፣ እዚህ አገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው! አንተ ብትመጣ ታብዳለህ» አለው። «ማበድ ብቻ? ሥራ ፈት መሆኔም አይደል!» አለ አባት። እናትም ስልኩ አጠገብ ሆና ሳቀች። ሊከራዩ ስላሰቡት ሞተር ሳይክል ግን ልጁ ትንፍሽ አላለም። ነግሮት ቢሆን ኖሮ ተው ባለው ነበር። ነግሮት ቢሆን ኖሮ…

በማግስቱ ጋሽ ቀኝ ያዝ ከተማሪው ጋር አደባባይ እየዞረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። «አባባ…» የሚል የምራቱን ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ። ተማሪው መኪናውን የት እንዳቆመው፣ እሱንም ማን ቤቱ እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሙሽሮቹ ፏፏቴ ለማየት ሞተር ሳይክል ተከራዩ። አከራዩ የሞተር መንጃ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ፓስፖርቱን በመያዣነት ወስዶ ቆለፈበት፣ ደጁ ላይ አንድ ዙር አስነዳውና «ጎበዝ!» አለው፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ሄልሜት ሰጠው፣ በቃ። ልጁ በአራት ጎማ ጎበዝ ነው፤ በሁለት ጎማ ግን ነድቶ አያውቅም። ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ፣ መታጠፊያ ላይ፣ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጩ። እሱ እዚያው ቀረ። ከኋላው የተቀመጠችው ሙሽሪት እግሯ ተሰብሮ ተረፈች። የጉዞ መድን የገቡበት ድርጅት «ሞተር ውላችን ውስጥ የለም» ብሎ ፊቱን አዞረ። አባትም አስከሬኑን ለማስመጣት ካሉት ሁለት የማሰልጠኛ መኪናዎች አንዷን ሸጠ። ለሠርጉ ያጌጠች መኪና ነበረች…

ቀብሩ ላይ ምራቲቱ እግሯ በጄሶ ታስሮ በዊልቸር እየተገፋች መጣች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባት ሕዝቡን ሰንጥቆ ፊቷ ቆመ።

«ሞተር እንከራይ ያለው ማነው?»

አንገቷን ደፋች። ቀና ብላ ሩቅ የቆመችውን አማቷን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አንቺ?»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!»

«ኧረ ተው፣ አንተ ሰውዬ! ስለ ፈጠረህ ተው!» ብላ ሚስቱ ሮጣ መጥታ ክንዱን ያዘች። እሱ ግን ማንንም አልሰማም። በዚያኑ ቀን ምራቱ የሠራችለትን መነጽር አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፤ በምትኩም ከመንገድ ዳር ርካሽ መነጽር ገዝቶ አደረገ።

ለምን እንዲህ ጨከነ? ክፉ ሰው ሆኖ ነው? አይደለም። ሐዘን ብቻውን ሲመጣበት ምኑን ይዞ እንደሚቆም አላወቀም ነበር፤ ጥፋተኛ ሲያገኝ ግን ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር አገኘ። ትንሽ ተቀምጦ ቢያስብ የሚደርስበት ነገር ነበር፤ ከማንም ይልቅ እሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር። ንዴቱ ማሰቢያ ጊዜ አልሰጠውም፤ ምናልባትም የተቆጣው እንዳያስብ ብሎ ይሆናል።

እናት የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ተቀመጠች። አንዳንድ ቀን «ክር ልግዛ» ብላ ትወጣና ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች፤ ክር ግን አትይዝም። የት እንደምትሄድ ባሏ አልጠየቃትም። አንድ ቀን እንዲሁ ወጥታ ስትመለስ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ሰዓት ቆየች።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ አደጋው አንድ ቃል አንስታ አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ ልቧ ታመመና አልጋ ያዘች። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ እሷ ግን የምትፈልገው ሌላ ነበር። «ልጄን አምጣልኝ» ትላለች።

«የትኛዋን ልጅሽን?»

«ታውቃታለህ።»

«ልጅሽን የገደለችውን? እኔ እያለሁ በዚህ በር አትገባም!»

ሴትየዋ አፏን ከፈተች። ልትናገረው ያለችው ነገር ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር… መልሳ ገጠመችው። ትንፋሿን ሰብስባ «አትቆጣት፣ አደራ። ቀን ነው የጣላት» ብቻ አለችው። በዚያው ሳምንት ሞተች። ሰማያዊው በር ለምራቲቱ ሳይከፈት ሞተች! ሲቀብሯት ምራቲቱ ምርኩዟን ተደግፋ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር። አይቷት ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ። ድስቱ ከነክዳኑ መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጣ። ጋሽ ቀኝ ያዝ ግን ሥራውን አልተወም፤ ቢተወው የት ሊሄድ?

አንዲት ነርስ ተማሪው ሆነች። ውጭ አገር ብዙ ዘመን ኖራ የተመለሰች ናት፤ እዚያም መኪና ስትነዳ ኖራለች። ረጋ ብላ ስትነዳ እንከን አይወጣላትም። አንድ ቀን ጠባብ መንገድ ላይ ሚኒባስ ድንገት ከፊታቸው ብቅ ሲል ግን መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘችው፤ በቀጥታ ወደሚመጣው መኪና! እሱ በራሱ በኩል ያለውን የአሰልጣኝ ፍሬን ረግጦ፣ መሪውን ነጥቆ ለጥቂት አተረፋቸው።

«ቀኝ ያዢ እያልኩሽ! ምን ነክቶሽ ነው ወደ ግራ የምትሄጂው?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። «ቀኝ እንደሆነማ አውቃለሁ እኮ። እኖርበት የነበረው አገር በግራ ነው የሚነዳው። ስደነግጥ እጄ እኔን አይሰማኝም፤ የለመደበት ይሄዳል።»

ጋሽ ቀኝ ያዝ ቃሏን በልቡ ደገመው። የለመደበት ይሄዳል… «አባዬ፣ እዚህ አገር በግራ ነው የሚነዳው!» ያ የመጨረሻው ሳቅ ጆሮው ውስጥ ተሰማው። ከዚያ ሶፋው፣ የድስቱ ክዳን፣ ያቺ ትንሽ እጅ… «መኪና መጣ!»… እጅየዋ ወዴት ነበር የምትሄደው? ወዴት ነበር ያስተማራት? አምላክ ሆይ! ወዴት ነበር?

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ነርሷ።

«አዎ» አላት። «አመመኝ።»

ወደ ቤቱ ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። መነጽሩ የዚያን ቀን ሲወረወር አንድ ክንዱ ተጣሟል። በመሐረብ ጠቅልሎ በእግሩ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደ። ምራቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ነበር፤ ምርኩዟ ከወንበሯ አጠገብ ተደግፏል። ስታየው በርግጋ ተነሳች። እሱ መሐረቡን ፈቶ መነጽሩን ፊቷ አስቀመጠ።

«ተጣሟል» አለ።

ምንም አልጠየቀችውም። ክንዱን አሙቃ፣ በጣቶቿ አቃንታ፣ እያነከሰች ወደ እሱ ዞረችና እንደዚያን ጊዜው አጠለቀችለት።  ከቀብሩ ቀን ወዲህ ፊቷን አጥርቶ ያየው ገና አሁን ነው። በጣም ከስታለች።

«መኪናው ሲመጣባችሁ» አላት፣ «ወዴት ነው ያዞረው?»

እጇ ጆሮው ላይ ደርቆ ቀረ። «አላስታውስም፣ አባባ። ድንገት ነበር… አላየሁም።»

«በግራ በኩል ምን ነበር?»

 ልትዋሽለት ፈልጋ እንደነበር ከዓይኗ ይታያል፤ ስትዋሽለት የኖረች ልጅ ናት። እንባዋ ግን ቀደማት።

«ሣር» አለች። «ሣር ነበር፣ አባባ። ሰፊ ሣር።»

ሰውዬው ለደንበኛ በተዘጋጀችው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሣር! ወደ ግራ ቢያዞረው ሣር ላይ ወድቀው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ እየተሳሳቁ ይነሱ ነበር። የገዛ ልጁን ከሞት ሊያድነው ብሎ ያስለመደው እጅ…

«እሷስ?» አለ በመጨረሻ። «ባለቤቴ ታውቅ ነበር?»

«ሆስፒታል እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን እውነቱን ንገሪኝ አሉኝ፤ እማማን መዋሸት አቃተኝ። ‹ለእሱ እንዳትነግሪው፤ ልጄን ቀብሬያለሁ፣ እሱን ደግሞ አልቀብርም። አንቺን ይቆጣሽ፤ ትችይዋለሽ?› አሉኝ። ‹እችለዋለሁ› አልኳቸው።»

«ሞተሩንስ? በእውነት አንቺ ነበርሽ?»

«የሁለታችንም ሐሳብ ነበር። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር የተነሳነው።»

ያ ግቢውን ሙሉ በጩኸት የሚያናውጥ ሰው ተንሸራቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ ያንን የተሰበረ እግሯን አቅፎ «ልጄ… ልጄ… ምን አድርጌሽ ነው! እሷንስ ምን አድርጌ ነው የሸኘኋት!» እያለ አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መነጽር ሊሞክር የገባ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

ከአደጋው ወዲህ እሷ መኪና ውስጥ አትገባም። ስለዚህ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። የተማሪ መዘግየት የማይችለው ሰውዬ እርምጃውን ከምርኩዟ ጋር እያስተካከለ ሄደ፤ ስትቆም ይቆማል። ሰማያዊውን በር ከፍቶ አስቀደማት። እሷ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች፣ ጨርቁን ገለጠችና እጇን አስደግፋበት ብዙ ቆየች።

ቀን ጣለው እንላለን፤ ዕድሉ ነው እንላለን። ለምን እንደዚያ እንደምንል ጋሽ ቀኝ ያዝ አሁን የገባው ይመስለኛል፤ ሌላ ቃል ስለሌለን ነው። ማን ነው ጥፋተኛው? ፓስፖርት ተቀብሎ ሞተር የሚሰጠው አከራይ? የማያውቀውን ነገር በማያውቀው መንገድ የነዳው ልጅ? ወይስ ከማንም በላይ ልጁ እንዲኖርለት የፈለገ አባት? እሱ መልሱን መፈለግ ትቷል። ተማሪዎቹ ላይም መጮህ ትቷል፤ ከፊት መኪና ሲመጣ «ረጋ በል፤ መጀመሪያ እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግ» ይላል ቀስ ብሎ። ወደ ውጭ አገር ለሽርሽር እሄዳለሁ የሚል ሲያገኝ እጁን ይይዘውና «ሞተር እንዳትከራይ፤ አደራህን» ብሎ ይለምነዋል። ተማሪዎቹ ሽማግሌው ለምን እንደሚለምናቸው አያውቁም።

ሰፈሩም አያውቅም። ስለዚህ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አብራው የምትኖረውን ምራቱን እስከ ሱቋ ሊሸኛት ሲወጡ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዱ «ጋሽ ቀኝ ያዝ! እንደምን አደሩ!» ብሎ ይጮሃል። እሷ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። እሱም ቆም ብሎ ይዞርና «አቤት» ይላል።