ለጊዜው የተባለ ድምፅ

ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ባይኖራችሁም የሰው ልጅ የሚያሳዝናችሁ፣ እስቲ አንዴ ጆሮ ስጡኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምክር መስጠት ሥራዬ አይደለም። ግን ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ደግሞም በእኛ ቤት የደረሰው ነገ በእናንተ ቤት የማይደርስበት ምንም ምክንያት የለም።

ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ ከእኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚኖሩት። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ዝም ማለት ስለማታውቅ ድንቢጥ ነው የምንላት። ድንቢጥ አንድ አመል ነበራት፤ ስታኮርፍ ክፍሏ ትገባና በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። እናቷ ታዲያ አትቆጣም። በሩን ጠጋ ብላ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ «ክፈቺልኝ የኔ እመቤት፣ እኔ ነኝ» ትላታለች። ያኔ ኩርፊያው ሁሉ ይጠፋል፣ በሩም ይከፈታል። እኔ እንኳ የስፌት መኪናዬን አቁሜ የማዳምጥበት ጊዜ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያንን ድምፅ ሰምቶ የማይከፍት ልቡ ድንጋይ ነው።

ወንድሜ ኤዲተር ነው። ቪዲዮ ጌም የሚያሳትሙ ድርጅቶች አዲስ ጌም ሲያወጡ ሰው እንዲጓጓላቸው አጭር ማስታወቂያ፣ እነሱ ትሬለር የሚሉትን፣ ያሠራሉ። ምስሉን የሚቆርጠው፣ ድምፁንም የሚገጥመው እሱ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ተዋናይዋ ተቀጥራ እስክትመጣ ድረስ ያገኙትን ሰው ድምፅ ለጊዜው ያስገባሉ። በኋላ ይወጣል ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም ይወጣል።

አንድ ቀን ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ ሰሃን እያጠበች ነበር።

«እስቲ ያቺን ድንቢጥን የምትጠሪባትን በይልኝ» አላት።

«የቷን?»

«ክፈቺልኝ የኔ እመቤት የምትዪዋን። ለሥራ ነው፤ ለጊዜው።»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና አለችለት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ «አንተ ደግሞ ሚስትህን በነፃ ልታሠራት!» ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

ድምፁ ምን ውስጥ እንደገባ ያወቅነው ኋላ ነው። ጌሙ ለማስፈራት የተሠራ ነው። ትሬለሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ክፍሏ ውስጥ በሯን ቆልፋ ተቀምጣለች። ከውጭ እናቷ በፍቅር ትጠራታለች። ልጅቷ ተነስታ ትከፍታለች። በሩ ላይ የቆመው ግን የእናቷን ድምፅ የሰረቀ ጭራቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም፤ እኔ ያየሁት ይበቃል።

አለቃው ሲሰማው ከወንበሩ ብድግ አለ አሉ። «ይሄ ድምፅ ከተነካ እኔና አንተ ተጣላን!» አለው። ተዋናይ መቅጠሩም በዚያው ቀረ።

ወንድሜ የምሥራች ብሎ ሲነግረን የሚስቱ ፊት ልውጥ አለ።

«ልጄን የምጠራበትን ድምፅ ለጭራቅ ሰጠኸው?»

«ኧረ እባክሽ፣ ማን ያውቅሻል? ደግሞም ለትልልቅ ሰዎች ነው። መጀመሪያው ላይ ለልጆች የተከለከለ ተብሎ ተጽፏል።»

«ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ነው ጽሑፉን አንብቦ ዓይኑን የሚጨፍነው?» አልኩት እኔ።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል።»

ይቺን አነጋገር ልብ በሉልኝ። ሰው ህሊናው ሲቆረቁረው ቶሎ የሚያገኛት መደገፊያ እሷ ናት። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ትሬለሩ በወጣ ሰሞን ድንቢጥ እኔ ቤት ምንጣፉ ላይ ተጋድማ በስልክ የልጆች ዘፈን ታይ ነበር። እኔ አጠገቧ የአንድ ሱሪ ዚፕ እቀይራለሁ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ማስታወቂያ ገባ። የወንድሜን ሚስት ድምፅ ስሰማ የመጣች መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ድንቢጥም «እማዬ!» አለችና ፈገግ እንዳለች ስክሪኑን አየች።

ጩኸቷ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ስልኩን ወርውራ እየሮጠች ወደ ቤታቸው ገባች፤ ክፍሏን ከውስጥ ቀረቀረች። እናቷ ፀጉሯን ስትታጠብ ጩኸቱን ሰምታ ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣች። ምን እንደተፈጠረ አላወቀችም፤ እኔም ተከትዬ ሮጥኩ እንጂ አልደረስኩላትም። በሩ ላይ ተለጥፋ እናት የምታውቀውን አለች።

«ክፈቺልኝ የኔ እመቤት፣ እኔ ነኝ!»

ከውስጥ የመጣውን ለጠላቴም አልመኝም። «ሂጂ! አንቺ እማዬ አይደለሽም! እማዬን የት አደረግሻት?» ትላለች ልጅቷ። እናቷ ባባበለቻት ቁጥር ይብስባታል። እኔ «ዝም በይ፣ በሞቴ ዝም በይ!» ብዬ የእናቲቱን አፍ በእጄ ያዝኩ። ወንድሜ ደርሶ በሩን ገንጥሎ ሲገባ ልጅቷ አልጋ ሥር ተሸጉጣ ሽንቷን ለቃ ትንቀጠቀጥ ነበር። 

ወንድሜ እየበረረ አለቃው ጋ ሄደ። «የልጆች ዘፈን መሃል ገብቷል!» አለው።

«የት እንደሚገባ እኛ አንመርጥም» አለው አለቃው። «እኛ ለትልልቆች ብለን ነው የላክነው። አሳታሚውን ጠይቅ።»

አሳታሚው ደግሞ ማስታወቂያውን የሚያሰራጨውን ድርጅት ጠይቁ አለ። አሰራጩ ድርጅት ኮምፒውተሩ ነው የመደበው አለ። ኮምፒውተር እንግዲህ አይከሰስ፣ አይሰደብ፣ በጥፊ አይመታ ነገር። እንዲሁ እርስ በርስ ሲገፋፉ ልጃችን የእናቷን ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን በእጇ ትደፍናለች።

እኔና የወንድሜ ሚስት የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄድን። ያስተናገደችን ሴት ጨዋ ናት፤ ወንበር ሳበችልን፣ ትሬለሩን ከእኛ ጋር ማየት ጀምራ መሃል ላይ አቆመችው።

«ደንቡ ተጥሷል» አለች። «ልጆች በሚያዩት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ማስተዋወቅ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ሳይወጣ ማን አየው?» አልኳት።

«ቀድመን የማየት ሥልጣን የለንም፣ እናቴ። ቅሬታ ሲመጣልን ነው የምንመረምረው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኛ!»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «እኔም ልጆች አሉኝ» አለችና አንገቷን ደፋች።  እሷም እንደኛው አቅመ ቢስ ናት።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ትሬለሩ ይነሳ ተባለ፤ ተነሳም። እኛም ተመስገን ብለን ሳንጨርስ ወንድሜ ፊቱ ጠቁሮ ከሥራ ገባ። አለቃው በደስታ ለቢሮው ሰው ሁሉ ኬክ አስመጥቷል አለን። ለካ መከልከሉ ራሱ ማስታወቂያ ሆኖላቸዋል። ሰው «የታገደው ትሬለር የት ነው?» እያለ ይፈላለገው ጀመር፤ ቀድተው ያስቀሩት ደግሞ መልሰው ይለጥፉታል። ከአንዱ ቦታ ሲያወርዱት በሌላ ቦታ ይወጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ።

ይባስ ብሎ አንድ ጎረምሳ ያንን ድምፅ የስልኩ መጥሪያ አድርጎታል። ሦስታችን አውቶቡስ ውስጥ ሆነን ስልኩ ጮኸ። ድንቢጥ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች። እናቷ የገዛ ድምጿን ሰምታ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ልጁን ልገላምጠው ብድግ አልኩና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ምን ልበለው? የእሷ ነው፣ መልስላት ልበለው?

ወንድሜም ያኔ ተሰበረ። «እትዬ፣ በገዛ እጄ የገጠምኩትን እኔው መፍታት አቃተኝ» አለኝ። «ቢሮ ያለውን አጠፋሁት። ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ምን ላድርገው?» ሌላ ጌም ሲሰጡት «መጀመሪያ ማን ፊት እንደሚወጣ ንገሩኝ፤ የማንንም ድምፅ ደግሞ ምን ላይ እንደሚውል ባለቤቱ ሳያውቅ አላስገባም» አላቸው። አለቃው አልተጣላውም። ሳቅ አለና ሥራውን አጠገቡ ለተቀመጠው ኤዲተር ሰጠው። እሱም ሠራው።

ስለዚህ ጌም የምታሳትሙ፣ ማስታወቂያ የምትሠሩ፣ ደንብም የምታወጡ ስሙኝ። ማንሳት መመለስ አይደለም። የሚታይ ነገር ከመውጣቱ በፊት ይታይ፤ አንድ ልጅ ቢያየውስ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በመካከላችሁ ይኑር። እናንተም ወላጆች፣ ለጊዜው ነው ተብላችሁ የምትሰጡትን ነገር ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እኔም ይሄን ሁሉ ብልም የእኛ ቤት ነገር አልተስተካከለም፤ አልዋሻችሁም።

ልጅቷን የምታያት ሐኪም ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሱ ብላናለች። እየታገስን ነው። ድንቢጥ እናቷን ታቅፋለች፣ ጉያዋ ውስጥ ትተኛለች፣ ፀጉሯን ታሠራለች፤ እናቷ አፏን እስካልከፈተች ድረስ። ስለዚህ የወንድሜ ሚስት ልጇ ፊት መናገር ትታለች። የምትለው ሲኖራት በእኔ ጆሮ ታንሾካሹካለች፤ እኔ ለልጅቷ እነግራታለሁ።

ትናንት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ስትጎነጉንላት ቆየችና ወደ እኔ ዘንበል ብላ አንሾካሾከች። ድንቢጥ ቀና አለች።

«ምን አለች?»

«በጣም እወድሻለሁ አለችሽ።»

 የልጅቷ ጀርባ እናቷ ደረት ላይ እንደተደገፈ ነው።

«እኔም በያት» አለችኝ።