የመሪው ዘይት

ልጅቷ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ምስል አየች። የመኪና መሪ ነው። ዓይኗን አሻሽታ እንደገና አየች፤ ያው መሪ። ወይኔ ጉዴ፣ አለች በሆዷ።

አባቷ «ኢንጂነር» የሚላት ወዶ አይደለም። በዕድሜ የምትበልጣትን አሮጌ የመስክ መኪና አብራው ስትፈታና ስትገጥም ነው ያደገችው። ዛሬ ጠዋትም ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ሲያስወጡ አባቷ ጎማው ሥር ተጋድሞ ብሎን ይፈታል፤ የዓይን ሞራ የጋረዳት እናቷ ደግሞ «ለዚህ ማየት አያስፈልግም» ብላ ሹፌር ወንበር ላይ ተሰይማ ፔዳሉን ትረግጣለች። የኢንጂነሯ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የፍሬኑ ዘይት እንዳይጎድል መጠበቅ። እሷ ግን ከጓደኛዋ ጋር ስልኳ ላይ ተጥዳ ዘይቱ ወረደ። አባቷ «ሞልቷል?» ሲላት ደንግጣ አጠገቧ ያገኘችውን ጠርሙስ ገለበጠችና «ሞልቷል» አለች።

አሁን ሞተሩ ተነሥቷል። አባቷ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ሁለቴ ሞክሯት ቀጥ ብላ ስለቆመችለት ፊቱ በርቷል። እሷ ግን ታውቃለች፤ ያስተማራት ራሱ ነው። የመሪ ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ ያሳብጣል፤ ግቢ ውስጥ የያዘ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። እስከ ሆስፒታሉ ያለው የሁለት ሰዓት መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ብቻ ነው።

የእናቷ የቀዶ ሕክምና ተራ ስድስት ወር የተጠበቀ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ምናለ ዝም ብል? ትንሽ እኮ ነው የጨመርኩት፣ ምንም ላይሆን ይችላል። ጠርሙሱን ከጀርባዋ ደበቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ነይ እንጂ» አለች እናቷ ከመኪናዋ ውስጥ። «ወጣብኝ የምትዪውን ብጉር ዛሬ በዓይኔ ልየው።»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። በአባቷ መስኮት በኩል ዞረችና ጠርሙሱን ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው። ፍሬኑ ውስጥ የጨመርኩት ይሄንን ነው። ሞልቷል ያልኩህ ጊዜ።»

አባቷ ምስሉን አየ። ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

እናቷ ቀስ ብላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች። ለሁለት ሩብ ጉዳይ። ይህቺን መኪና ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ላስቲክ ቀይሮ ለመግጠም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ልጅቷ የእናቷን በር ከፈተች። የሐኪም ወረቀቶቹ ያሉበትን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንግታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ውረጂ። አስፋልት እንውጣ፣ የሚወስደን አናጣም» አለቻት። እርግጠኛ ግን አልነበረችም።

የመጀመሪያው መኪና አልቆመም። ሁለተኛውም አቧራ አልብሷቸው አለፈ። የእናቷን እጅ ሳትለቅ፣ ሌላኛውን እጇን ለሦስተኛው አነሣች።