በቃል የተያዘ ምንባብ

«ቆይ፣ ቆይ እስቲ። የቱ ጋ ነህ?»

ሕዝቅኤል ማንበቡን አቋረጠ። እናቱ እማዋይሽ አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉ ላይ አጎንብሳለች። ጣቷ ከገጹ አናት ላይ ካለው ቃል አልተነሳም።

«እኔ የማየው ‘ውሃ’ ይላል። አንተ ያልከው ንብ ነው።»

«ገጹ ተሳስቶብኝ ነው» አለና ወደፊት ገለጠ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠ። የንብ ምንባብ የሚታወቀው በሥዕሉ ነበር። መጽሐፉ ግን ለሦስት ተማሪ አንድ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙ ገጹ ረግፏል። የንቡም ሥዕል አብሮ ሄዷል።

«እንግዲያው የውሃውን አንብብልኝ» አለች እማዋይሽ።

ሕዝቅኤል ቃሉን አየው። የመጀመሪያዋን ፊደል ያውቃታል፤ ሁለተኛዋንም ያውቃታል። አራተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። እናቱ አላጣደፈችውም። ጠብቃ ጠብቃ ራሷ በቀስታ፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። «ይ... ተ... ና... ል። ይተናል።»

እማዋይሽ የሩዝ መፈልፈያ ቤት አበጣሪ ናት። ከመኸር ወዲህ፣ ከሥራ መልስ፣ ሕዝቅኤል በሚማርበት ትምህርት ቤት ከሌሎች እናቶችና አባቶች ጋር የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ከዚያ በፊት ማታ ማታ ልጇ ሲያነብላት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው። ለሥራ ጓደኞቿም «የኔው ልጅ እንደ ቄስ ነው የሚያነበው» ትላቸው ነበር።

«እዚያ ትምህርት ቤት ከገባህ ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው።

«ሰባተኛ ክፍል አይደለሁ?»

«እኔ ከገባሁ ገና ስድስት ወር ነው» አለችና መጽሐፉን ከጭኑ ላይ አንስታ ዘጋችው።

ሕዝቅኤል ሊያታልላት አስቦ አልነበረም የጀመረው። ፊደል በሚቆጥርበት ዓመት ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሲከፈት አንድ ክፍል ከፍ አለ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ ከዚያም ሌላ መዘጋት። በተከፈተ ቁጥር ክፍሉ ከፍ ይላል፤ ያለፈውን ግን መልሶ የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ጎበዝ ልጅ ታነባለች፣ የቀረው ተማሪ በኅብረት ይከተላል። ሕዝቅኤል ሁለቴ የሰማው ነገር ከጭንቅላቱ አይጠፋም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አፉ ሲንቀሳቀስ ያየ መምህር ማንበብ እንደማይችል እንዴት ይወቅ?

በማግስቱ እማዋይሽ ከሥራ አስፈቅዳ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው በአክብሮት ወንበር ስበው እንዳስቀመጧትና እንዳልዋሿት ነው በኋላ ለልጇ የነገረችው። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ልጅ እንዳለ፣ የአማርኛው መምህር ለቆ ከሄደ ወዲህም ምትክ እንዳልመጣ ነገሯት። «የእርስዎስ ልጆች እዚህ ናቸው የሚማሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የግል ትምህርት ቤት እንዳስገቧቸው አልደበቋትም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት የወሰዱት ሰዎች ለታይታ ያደረጉት ይመስላት ነበር። የነጋዴዎቹ ልጆች ሄዱ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎቹ ልጆች ተከተሉ፤ አምና ደግሞ ሰፈራቸው ያለው ልብስ ሰፊ ልጁን የኔነህን ወሰደ። አሁን እሷም ቆረጠች። ቅዳሜና እሑድ በሌላ መፈልፈያ ቤት ለማበጠር ተነጋገረች። የሕዝቅኤል አባት ዘመነ ከሚያርስበት ገጠር ለገበያ ሲመጣ ሁሉን ነገረችው። ዘመነ ሰምቶ ሲያበቃ፣ የሚማረው ልጁ ስለሆነ የመጨረሻውን ቃል ልጁ ራሱ ይናገር አለ።

የኔነህ የሕዝቅኤል የልብ ጓደኛ ነው። ወሬውን ሲሰማ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ጠብቆ ያዘው።

«አትጨነቅ። መግቢያ ፈተናው ላይ የምታስነብበዋ መምህርት ሁሌም አንድ ምንባብ ናት የምትሰጠው። ስለ ጣራ ገዳም ደን የምትለዋን። እኔም በእሷ ነው የገባሁ። ሁለቴ ላንብብልህ፤ አንተ እንደሆን ቴፕ ነህ።»

«ባውቃት ምን ይሆናል?»

«ሰባተኛ፣ ከኔ ጋ። ካላወቅካት ወደ ታች ነው የሚያወርዱህ። ያ ቁመትህ ከሕፃናት መሀል ሲቆም አሰብከው? ባንዲራ መስቀያ ነው የሚሉህ።»

ሕዝቅኤል ሳቀ። የኔነህም ደብተሩ ላይ የገለበጠውን ምንባብ ሁለቴ አነበበለት። እቤቱ ሲደርስ አንድ ቃል አልጎደለውም።

የግል ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ዓርብ ነበር። መምህርት ንጋት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ሕዝቅኤል ገና ሲገባ አወቃት፤ ቀድሞ እሱ ትምህርት ቤት ሳለች ሦስተኛ ክፍል አስተምራው ነበር። እሷ ግን ስሙን ጠይቃ ጻፈችና ወረቀት ሰጠችው። ርዕሱን ቀስ ብሎ ለቀመው። ጣራ ገዳም።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጎ አለው። ሁለተኛውንም ደገመ። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀችና እስክሪብቶዋን አነሳች። እማዋይሽ በሩ ጋ ካለው ወንበር ላይ ነበረች። ከዚያ ሆና ወረቀቱ አይታያትም። አፉን ብቻ ነው የምታየው። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ልመን አልመን እያለች ትመለከተዋለች።

ሕዝቅኤል ቀና ሲል አያትና መድገሙን አቆመ።

«ቲቸር፣ ይቺን በቃሌ ነው የማውቃት» አለ። «ሌላ ይስጡኝ።»

መምህርት ንጋት አየችው። ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አውጥታ ከመሀል ገለጠችለት። ስለ ሽመላ የሚናገር ምንባብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ብዙ ቆየ። ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል ተሳስቶ ተመለሰና አረመው። ውጭ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ እንኳ ቀና አላለም። አንቀጹ ሲያልቅ ድምፁ ሻክሮ ነበር።

«የት ነው የተማርከው?» አለችው።

«እርስዎ ጋ። ሦስተኛ ክፍልን።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስንት ነበራችሁ?»

«ሰማንያ ሳንሆን አንቀርም።»

«የት ነበር የምትቀመጠው?»

«ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል።»

ፊቱን ስትመረምር ልታስታውሰው እየሞከረች እንደሆነ ገባው። አላስታወሰችውም። ለማስመሰልም አልሞከረችም።

«እንዲህ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚህ ሰባተኛ ላስገባህ አልችልም። አምስተኛ ነው የምቀበልህ። ከሰዓት በኋላ ለብቻህ አስነብብሃለሁ። አልፈልግም ካልክ እዚያው በነበርክበት ትምህርት ቤት ሰባተኛን መቀጠል ትችላለህ። ማንም አይከለክልህም።»

እማዋይሽ የዘመነን ቃል አስታውሳ መልሱን ለልጇ ተወችለት።

ሕዝቅኤል የቀድሞ ክፍሉን አሰበ። እዚያ መሀል ቢቀመጥ ማንም ድምፁን ለይቶ አይሰማውም። እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እንዲሁ አፉን እያንቀሳቀሰ መሄድ ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ አምስተኛ ክፍልን አሰበ። አጫጭር ዴስኮች፣ የማይታጠፉለት እግሮቹ፣ የልጆቹ ሳቅ።

«አምስተኛዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አለ።

«ሁለት ሰዓት።»

«ሰኞ እመጣለሁ።»

እማዋይሽ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የሚወጣው የመሸኛ ወረቀት በአንድ ቀን ይሰጥ እንደሆነ መምህርቷን መጠየቅ ጀመረች። ሕዝቅኤል ግን መልሱን አልጠበቀም። መሸኛውን የሚጽፉለት ርዕሰ መምህር ከቢሮ ሳይወጡ ለመድረስ ከእናቱ ቀድሞ ወደ በሩ ሄደ።